የስኳር ዘንባባ

በኅዳር አጋማሽ፣ ቫርዶ ደሴት ላይ፣
ሻንጣዋን ሸክፋ ትሄዳለች ፀሐይ።
እስከ ጥር አትመጣም።
ዛፍ የሚባል ነገር ደሴቱ አያውቅም፤
ነፋሱ የቆመን እንዲሁ አይለቅም።

የዓሣ ፋብሪካው ግን ግብዣ አዘጋጅቷል፣
«የሐሩር ምሽት» የሚል ወረቀት ለጥፏል፦
ሸሚዙ አበባ፣ ጫማውም ነጠላ፣
የሚበላው ዓሣ — መቼም የለም ሌላ፤
ኬኩ ግን ደሴት ይሁን፣ ከነዘንባባው፣
ለመቶ ሃያ ሰው፣ ዓርብ ማታ የሚበላው።

እኔ ጉንቮር ነኝ፤ ዳቦ ስጋግር ነው ያረጀሁት፤
ዘንባባ እንደሆን ቆርቆሮ ላይ ነው ያየሁት፣
የአናናስ ቆርቆሮ፣ ወረቀቱ የተላጠ፣
ዛፉ ከወገቡ በዋጋው የተቆረጠ።

ረቡዕ ጀመርኩ። ስልሳ እንቁላል ሰበርኩ፤
ቅቤው እስኪነጣ መታሁት፣ ስኳር ጨመርኩ።
ሐሙስ ባሕር ቀባሁ፤ ሰማያዊ ክሬም፣
እዚህ ካለው ባሕር ዘመድም አይደለም።
ብስኩት ወቅጬ አሸዋ አስመሰልኩ፤
ከቀይ ማርዚፓን ሸርጣን ድብልብል አልኩ —
እሱ እንኳ ቀላል ነው፤ ሸርጣን አውቃለሁ፣
ባሌ በሕይወት ሳለ ከመረቡ ስፈታ ኖሬአለሁ።
ግንዱን በቸኮሌት፣ እንደ መርከብ ምሰሶ፣
ቀጥ አርጌ አቆምኩት፣ ቅጠሉ አናቱ ላይ ተነስንሶ፤
ፍሬውን ከጫፍ ከጫፉ አንጠለጠልኩት።
ራቅ ብዬ አየሁት። «እሰይ!» አልኩት።

ናዳራጃ ገባ፣ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ፤
ሠላሳ ሰባት ዓመት ዓሣ ሲበልት ያሳለፈ፣
ሐሙስ ሐሙስ ከእኔ አጃ ዳቦ የሚገዛ፣
ከሰላምታ በቀር ቃል የማያበዛ።
ኬኩን አየ፤ ኮፍያ አወለቀ፤ ዳቦውን ረሳ፤
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣቱን አነሳ፦

«ኮኮናት ቀጥ አይልም፤ ወደ ባሕር ያጎነብሳል፤
ፍሬው ውኃ ላይ ወድቆ ሌላ ዳርቻ ይደርሳል።
ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሌላ ነው፣ ጃፍና ያለው፣
ጥቁር ግንድ፣ ቅጠሉ ማራገቢያ የመሰለው።
ፍሬውም ከጫፍ አይደለም፤ ከቅጠሉ ሥር፣
ከግንዱ አንገት ላይ ነው፣ ተቃቅፎ የሚያድር።»

እውነት ለመናገር፣ ደሜ ነው የፈላው፤
«እንግዲያው ራስህ ሥራው! እንካ፣ ይኸው ቢላው።»

እጁን ታጠበ።
ብርድ ያሳበጠው እጅ፣ አንዱ ጣቱ ጎዶሎ፣
ግንዱን በእንፋሎት አለዝቦ፣ በቀስታ አዘንብሎ፣
ቅጠሉን በመቀስ ሸነተረው ሁሉን፤
አንዱን ግን ሰበረው። «አንድ ስባሪ አይጠፋም» አለኝ፣ ሲያስተካክል ሌላውን።
«ካካዎ አለሽ?» ሰጠሁት። ወንፊቱን ያዘና፣
«ስንት ሰዓት ይሁን?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ቀና አለና።
«ምኑ?»
«ጥላው።»
ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም ግን፤
«አሥር ሰዓት እናርገው፤ ከትምህርት ቤት የምንለቀቅበትን።»
ነፋው። ረጅም ጥላ፣ ቡናማ፣ ስስ፣
አሸዋውን አልፎ፣ ባሕሩን አቋርጦ፣ ከትሪው እስኪፈስ።
በዚያ የኅዳር ማታ፣ በዚያች ጠባብ ኩሽና፣
ፀሐይ ያለች መሰለኝ፣ ከጀርባችን ሆና።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እኔ እንጃ፤
ያን ማታ ናፈቀኝ አሥር ሰዓቱ የናዳራጃ።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ፣ የአበባ ሸሚዝ ከሹራብ በላይ ደርቦ፣
ዘንባባውን ቆረጠው፣ ፎቶ አንሺ ሰብስቦ።
ማንም ልብ አላለም መዝመሙን፣ ስባሪ ቅጠሉን፤
አሸዋውን በሉ፣ ባሕሩን፣ ሸርጣኑን፣ ሁሉን።
ናዳራጃ ግን ጥግ ላይ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣
ጥላ ያረፈበት ቁራሽ እጁ ስለደረሰ፣
ሳህኑን አዞረ፣ ጥላው በደንብ እስኪገጥም፤
ከዚያ በላ፤ ቀስ ብሎ። አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ቅዳሜ ሱቁን ስከፍት፣ ያው ጨለማ።
ትሪው ታጥቦ መጥቷል፤ ከዘንባባው አንድ ቅጠል የለማ።
ጠረጴዛው ላይ ግን፣ ከትሪው ያለፈው፣
የጥላው ጫፍ አለ፣ ማንም ያልገፈፈው።
ጨርቄን አረጠብኩ፤ መልሼ ሰቀልኩት።
ሊጡንም ከወዲህ፣ በጠባቡ ጥግ አቦካሁት።

እስከ ጥር ይቆይ።