ኦይሊ ሰው መረጠች

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ኬሚን በረዶ ውጧታል፤
ባሕሩ ከዳር እዳር ረግቶ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል።
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ቧንቧው በሚያንኳኳበት ክፍል፣
አምስት ሆነን ተቀምጠናል፣ እርሳስና ዳይስ ስናካፍል።

ራይሞ ነው መሪያችን። ወረቀት ፋብሪካው የተዘጋ ለት
ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት የደረሰው ፖርታ ባጋሉን የሞላ ነጭ ወረቀት፤
በሱ ላይ ነው ዓለም የሚሥለው፦ ተራራ፣ ረግረግ፣ የተረገመ ቤት።
“መጀመሪያ ዘር ምረጡ” አለ። (ዘር የሚመረጥበት ስፍራ
ከዚህ ጠረጴዛ ሌላ አላየሁም፤ የቀረው ሁሉ በዕጣ ነው፣ በጭፍን ተራ።)

እኔ ኤልፍ ነኝ፣ ሁሌም ኤልፍ። ሰባት መቶ ዓመት እኖራለሁ፤
በጨለማ አያለሁ፤ ማዶ ጫካ ቅጠል ሲወድቅ እሰማለሁ።
ቀን ቀን መነጽሬን ካጣሁ የራሴን መዳፍ አላይም፤
ይኼን ቅጹ አይጠይቅም። እኔም አልነግረውም።

ቱሬ ድንክ ሆነ፦ ከቋጥኝ የተወለደ፣ መርዝ የማይገድለው፣
ጢሙ እስከ ቀበቶው፣ ቂሙ እስከ ሰባት ትውልድ የሚደርስ ሰው —
“ሰው አይደለም” አለ ራይሞ። ልክ ነው። እና ምን ልበለው?
ሳይሚ ኦርክ፦ ክንዷ ግንድ፣ ገድለዋት እንኳ አንዴ የምትነሣ፤
(ቀን ባንክ ቤት ናት፤ “ቀጣይ” ስትል እንኳ ለድምጿ የምትሳሳ።)

ኦይሊ ሰው።

“ሰው ብቻ?” አልናት። የሌሊት ነርስ ናት፣ ስልሳ አንድ ዓመቷ፤
ወንበሯ ላይ ተሰቅሏል ነጭ ጋውኗ ከነካፖርቷ።
መጽሐፉን ገለጥንላት። ለኤልፍ አንድ ገጽ ተኩል፣
ለድንክ ሁለት፣ ከነመዶሻው ሥዕል፤
ለሰው አራት መስመር፦ “በሁሉም አንድ አንድ ይጨመርለት።” በቃ።
ሲመሽ ችቦ የሚፈልግ፣ ሲርበው የሚነጫነጭ፣ በሰማንያው የሚያበቃ።
“ለምን?” አላት ቱሬ። ትከሻዋን ነቀነቀች፤
“ሌላ ለመልመድ ጊዜ የለኝም፤ ይኼን አውቀዋለሁ” አለች።

ሦስት ማክሰኞ ተጓዝን። በአራተኛው ከጥቁር ወንዝ ዳር ደረስን፤
ድልድይ የለ። ጀልባና ቀዛፊ፣ ከምሰሶ የተንጠለጠለ ሚዛን።
ራይሞ ድምጹን አጎረነነ፦ “ወርቅ ለዓሣ ነው። እኔ የምጭን
ዕድሜ ነው። ጀልባዬ ከቀለለች ማዕበሉ ይገለብጣታል፤
ከዘመናችሁ ቁረሱ፤ ሚዛኑ ዝቅ ሲል እንሻገራለን።”

እኔ ቀደምሁ። ምን ይቆጨኛል? መቶ ዓመት ወረወርሁ፤
ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ላባ። ሌላ መቶ ደገምሁ።
ቱሬ ሃምሳ ቆረሰ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከነቂሙ፤
ትንሽ ዘንበል አለና ተመለሰ ወደ ቀድሞው አቋሙ።
ሳይሚን ሚዛኑን በክንዷ መጫን ቃጣት፤
ራይሞ ዝም ብሎ አያት።

ኦይሊ ዳይስ አላነሣችም። ቧንቧው ሁለቴ አንኳኳ።
“አንድ ቀን” አለች። “ሐሙስ።”
“ምን ያለ ሐሙስ?”
“ተራ ሐሙስ። ተረኛ ያልሆንሁበት። ካልሲ የማጥብበት፣
እህቴ ኢልማ ደውላ ስለ ድመቷ የምታወራበት፣
ድንች ሲቀቀል የመስኮቱ መስታወት የሚያልብበት።
ትናንት የስድስት ቁጥሩ ሽማግሌ ይኼንኑ ነበር የለመኑኝ —
ዓመት አላሉም። አንድ ሐሙስ። ከየት ላምጣላቸው? አቃተኝ።”

ራይሞ መጽሐፉን ገለጠ፣ ዘጋ። ለዚህ የተጻፈ ሕግ የለም።
መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገ፤ አልተናገረም።
ጀልባዋ እስከ ከንፈሯ ውኃ ገባች።
ተሻገርን። እኔ ገና አምስት መቶ ዓመት ተርፎኝ፣
በመንገዱ ሁሉ ስፈትሽ ነበር፣
ከመካከሉ አንዲት ሐሙስ።

ሦስት ተኩል ሲል ኦይሊ ተነሣች፤ ተረኛ ናት። አብሬያት ወጣሁ።
ትንፋሼ መነጽሬ ላይ በረዶ ሠራ፤ ደረጃው ጠፋኝ፣ ቆምሁ።
ከፊቴ ብርሃን በራ፦ ስልኳ ነው።
“ኤልፉ” አለችኝ፣ “እዚህ ጋ ያዳልጣል፤
እጄን ያዝ።”
ያዝሁ። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።