ሦስት ምስክር

ሃያ ሁለት ዓመት ማኅተም ሳሳርፍ፣
ከከዚራ ቢሮዬ፣ ከኒሙ ዛፍ ደጃፍ፣
ስንቱ ሽማግሌ፣ ስንቱ ባለ ከዘራ፣
ወረፋ ቆጠረ ከጎረቤቱ ጋራ።
እሷን ግን አልረሳም። ሰኞ ነበር። ሙቀት።
ማራገቢያው ቆሟል፤ መብራት የለም ያን ዕለት።

ቀጥ ብላ ገባች፤ እግሯን ገጠመችው፤
«ሌፍተናንት ወርቅያንሱ» ስሟን አስቀደመችው፤
«ጉርሜሳ አባቴ፣ የባቡር ፍሬን ያዥ፣
እኔ ግን በሰማይ፣ በውሃ ላይ ተጓዥ።
የባሕር ኃይል፣ የአየር ክፍል፤ ሄሊኮፕተር አብራሪ።»
አየኋት፦ ድሪያ የለበሰች፣ እንደኔው የድሬ ነዋሪ።

ኮምፒውተሩ ላይ ዝርዝሩን ፈለግሁት፦
ምድር ጦር አለ፣ አየር ኃይል አለ፤ ሦስተኛውን አጣሁት።
«እትዬ፣ ይቅርታ፣ መሥሪያ ቤቱ ፈርሷል፤
ፋይሉም ከወደቡ ጋር ከድንበር ማዶ ቀርቷል፤
መመሪያው እንደሚለው፣ ሦስት ምስክር ይምጣ፣
አብሮሽ ያገለገለ፣ ከዚያው ክፍል የወጣ።»

ሳቀች። ጥርሷን አየሁት፤ አንዱ የብር ነበር።
ጣቷን አንድ በአንድ አጠፈች፤ «እሺ፣ ልቁጠር፤
መካኒኬ ተስፉ፣ ዳህላክ ማዶ ሰጠመ፤
አስተማሪዬ ከመርከቡ ጋር የመን ተሻገረ፤ ከዚያ ድምፁ ከሰመ፤
ሦስተኛው እዚሁ ነው፣ ሳቢያን፤ ግን አእምሮው ታመመ፤
ሲያየኝ ‹አንቺ ማነሽ?› ይላል፣ ‹ዝናቡስ ቆመ?›»

ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች፣
ጨርቅ የተለበጠ፤ በሁለት እጅ ሰጠች።
ስምንት መቶ አሥራ ሁለት የበረራ ሰዓት፣
በቀጭን ብዕር፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት።
ከፊተኛው ገጽ ላይ፦ «ልብሱ የወንድ ልክ ነው፤
እጅጌውን ቆርጬ ሰፋሁ፤ ጫማው ውስጥ ጨርቅ ሞላሁ፤ ይኸው።»
«መጋቢት ሦስት። ንፋስ ከሰሜን ምሥራቅ።
ጀልባ ተገልብጦ ሁለት ሰው አወጣን። አንዱ ይስቅ
ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ» ይላል አንዱ ገጽ።
ሌላው፦ «ጉም። ተመለስን።» ሌላው ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ፣ የጣት ቅርጽ።

እኔ ምን አልኳት? «ደብተር ማስረጃ አይሆንም።»
እንዲህ ነው ያልኳት። ዛሬም ይህን አልክድም።
«አቦ፣ ተወው» አለች፤ የድሬ ልጅ ቂም አያውቅም።
በሩን ቀስ አድርጋ ስትወጣ ዘጋችው፤
ደብተሩን እንደ ፉርኖ ዳቦ ብብቷ ሸጎጠችው።

ቤቷ ደቻቱ ዳር ነው። ደቻቱ ወንዝ ይባላል፤
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ግመል ይተኛበታል፤
ልጆች ኳስ ይለጉበታል፤ ገበያ ይዘረጋል።
እሷም በየማታው ወንበሯን አውጥታ
ንፋስ ታሸታለች፣ አንገቷን አቅንታ።
«ባሕር ምን ያህላል?» ሲሏት ትስቃለች፣ በቃ፤
«ይሄን ያህል ነው» ትላለች፣ «ይህ አሸዋ ሲነቃ።»

ነሐሴ ላይ ነቃ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።
እኛ ጠብታ አላየንም፤ ደጋው ነው የዘነበበት።
ድምፁን የሰማ ሁሉ ባቡር ነው ብሎ ተኛ፤
የፍሬን ያዥ ልጅ ግን በር መታች፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣
ሦስተኛው በር አልከፈት አለ፤ በእግሯ ሰበረችው፤
ገመዱን ከዛፉ ግንድ በባሕረኛ ቋጠሮ አሰረችው፤
ሐጂ አብዱሰመድን ከነመስገጃቸው፣
የጫት ነጋዴዋን መንታ ልጆች በሻሽ አስራቸው፣
አንድ በአንድ ወደ ጣሪያ፣ እየጮኸች «ቁጠሩ!
ስንት ነን? ማን ጎደለ? ስም ጥሩ!»

አንድ ስም ተጠራ፤ «አቤት» የሚል አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ተጎጂ ልመዘግብ ሄድኩ።
ደብተሯ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ቅጠል በቅጠል፣ እንደ ልብስ፤
የመጨረሻውን ነካሁት፤ ጣቴ ጠቆረ፤ ቀለሙ አዲስ።
«ነሐሴ። ደቻቱ። ንፋስ ከደቡብ፣ ከተራራው።
ማሽን፦ የለም። ሰዓት፦ ሦስት ተኩል። ውሃው፦
ጥቁር፣ ድንጋይ የሚያንከባልል። የወጣ ሰው፦ ዘጠኝ።
ያልወጣ፦ አንድ። የልጁ ስም ኢልያስ። ቁጥሩ አልሞላልኝ።»

ማኅተሜ ኪሴ ነበር። መታሁት። ግማሽ ክብ ብቻ ወጣ።
ሕጉ የጠየቀው ምስክር እኔ አይደለሁም፤ ከዚያው ክፍል ያልወጣ።
ጡረታ አያሰጥም፤ ይህን አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች።
ግማሹን ክብ አየችው። «ንፋሱ ዞሯል፤ ገመዱን አጥብቅልኝ» አለች።