የቦቃዋ ጆሮ

በኬፕ ብሬተን ደሴት፣ ከማቡ መንደር ዳር፣
የመጀመሪያው በረዶ አጥር ሲያለብስ በኅዳር፣
ያኻን ጊሊስ ሽማግሌው ቦቃ ባዝራውን ሸጠ፤
ዝዊከር የሉነንበርጉ ዶላሩን ቆጥሮ ሰጠ።
"ጤና ናት?" አለ ገዢው፤ "ከኔ ትሻላለች" አለው።
ጥርሷን ከፍቶ ቆጠረ፣ ኮቴዋን አንስቶ አየው፣
ጆሮዋን ግን አላየም፤ ፈረስ ገዢ መች ሊያየው።

በአራተኛው ቀን ስልክ ጮኸ፣ ሾርባው ገና ሳይፈላ።
"የሸጥክልኝ ፈረስ ነው ወይስ ሐውልት ነው ሌላ?
ሂጂ ስላት ቆማለች፣ ቁሚ ስላትም ቆማለች፤
አጃ ባሳያት፣ ብጎትታት፣ ብለምናትም ቆማለች!"

ያኻን ሳቀ። ሳሉ መጣ። እስኪያልፍ ዝም አለ።
"በምንድነው የምታናግራት?"
"በምን ላናግራት? በእንግሊዝኛ ነዋ!" አለ።
"እሷ እኮ ትምህርት ቤት አልገባችም።"

ያኻን ግን ገብቶ ነበር። በስድስት ዓመቱ፣ አንድ ቀን፣
በጌሊክ፣ በዚያች በአይሪሽ እህት፣ ውሃ ቢጠይቅ ጠምቶት፣
መምህርቷ መዳፉን በጠፍር አቀላችው፤
ውሃ አልጠጣም ያን ቀን፤ የዋጠው ያንኑ ቃል ነው።
አባትየው ከዚያ ወዲያ ለልጅ እንግሊዝኛ መረጠ፤
የናቱን ቋንቋ ለፈረስ፣ ለጋጣው ብቻ ሰጠ።
ፈረስን ማን ይገርፈዋል ስለ አነጋገሩ?

ሚስቱ ኦይሪክ ካረፈች፣ ልጆቹ ካልጋሪ ከቀሩ፣
ያን ቋንቋ የሚሰሙለት ሁለት ጆሮዎች ነበሩ፤
ሁለቱም ያንዲት ባዝራ።

"ሦስት ቃል አለ፤ ጻፍ" አለው።
"እንዴት ነው የሚጻፈው?"
ሽማግሌው ዝም አለ። አፉ እንጂ እጁ አያውቀው።
"ተወው። ስልኩን ይዘህ ሂድና ከጆሮዋ አስጠጋው።"

ጭቃ ውስጥ የቦቲ ድምፅ። በር ተንቋረረ።
ከዚያ ሰፊ፣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ።
እኛ "ቼ!" የምንለውን ያኻን "ሹአድ!" አለ፤
ኮቴ ነጎደ፤ ዝዊከር "አጥሬን! አጥሬን!" አለ።
"ሶኽከር" አለ ያኻን፣ ቀስ ብሎ።
ኮቴው ቆመ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል በኛ አገር፤
ይቺም አልተዋጋችም፤ አደረሰች እንጂ ነገር።

ዝዊከር ቃሉን ተለማመደ መኪና ሲነዳ፣ ላም ሲያልብ፤
ምላሱ በአዲስ ጫማ እንደሚሄድ ሰው ያነክሳል፤
ቦቃዋ ግን ትታገሰዋለች።

ገና ሲቃረብ ደወለ። "ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤
'ትሮአድ' ስላትም ከሜዳው ጥግ ትመጣለች።
ማታ ግን በሩን ስዘጋ አንገቷን ታወጣለች፣
አንድ ነገር ትጠብቃለች።
ማታ ማታ ምን ትላት ነበር?"

ያኻን የኦይሪክን ወንበር አየ።
የማታው ትእዛዝ አልነበረም። የዓሣ ዋጋ፣ የሞተ ጎረቤት፣
ኦይሪክ የሳቀችበት ቀልድ፣
ከናቱ ጸሎት ግማሹ፤ ሌላውን ግማሽ ረስቶት።

"እሱ በስልክ አይሆንም" አለ።
ሳሉ መጣ፤ አሳለፈው።
"ትሮአድ" አለው።

ማዶ የመኪና ቁልፍ ሲንሿሿ ተሰማ።