ምን ተረፈ?

ካቶቪትሰ ማታ ተሳፍሬ፣ ዤሹፍ ሲነጋ ደረስኩ፣
ላፕቶፔን በብብቴ ይዤ፣ ካፖርቴን እንደደረብኩ።
የላከኝ የከሰል ቆፋሪዎች፣ የጡረታቸው ፈንድ ነው፣
ሳንባቸው ጠቁሮ ያረጁ፣ ሳላቸው ዶሮ የሚቀድመው።
«ሂጂና መርምሪልን፣ ያንን የክንፍ ፋብሪካ፣
ያዋጣ እንደሁ አያዋጣ፣ ዋጋው በልክ ይለካ።»

በር ላይ ቪቶልድ ጠበቀኝ፣ የፋይናንስ ኃላፊው፣
ጫማው መስታወት መሳይ፣ ፈገግታው የማይጠፋው።
«ወይዘሪት ቦግና፣ ግማሹ የመንገደኛ፣ ግማሹ የመከላከያ፣
አንዱ የቀዘቀዘ ለታ፣ ሌላው ይሆናል ማሞቂያ።
ወረርሽኙ አውሮፕላኑን፣ መሬት ያሰረ ጊዜ፣
ጦሩ ባይደርስልንማ፣ ቤታችን ነበር ትካዜ።
ዛሬ ትዕዛዝ ሞልቶናል፣ እስከ ስምንት ዓመት ድረስ፣
ደንበኛው ተሰልፎ ነው፣ ተራው እስኪደርስ።»

ትዕዛዝ ገንዘብ አይደለም፣ ይህን አውቃለሁ እኔ፣
«ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ፣ የከሰረ አይቻለሁ ባይኔ።
የሰማይ ላም ነው በርግጥ፣ የዚህ ቤት ንግድ አመሉ፣
ወተቷ ይወርዳል ወይ? ነው፣ የጥያቄዬ ቃሉ።

መዝገቡን ገለጥ ባደርግ፣ ትርፉ ወፍሮ ሳለ፣
ካዝናው አጥንቱ ገጥጦ፣ ከጥጉ ተንጋለለ።
ቲታኒየም በመጋዘን፣ ተከምሮ እስከ ጣራ፣
የተከፈለበት ብረት፣ ገና ያላየ ሥራ።
ከመቶው ስድሳ የሚገዛ፣ ደንበኛቸው አንድ መንግሥት፤
«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ብዬ፣ ከኅዳጉ ጻፍኩበት።

ከዚያ ወደ ወርክሾፑ።

ግራዚና የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት የሠራች፣
የተርባይን ምላጭ ይዛ፣ በጣቷ ጫፍ ትዳብሳለች።
«ማሽኑ ያላየውን ስንጥቅ፣ ጥፍሬ ያየዋል» አለች።
«ከመቶው ስንቱን ትጥያለሽ?» «አራቱን» ብላ መለሰች።
ቪቶልድ ሁለት ነበር ያለኝ። እሷ ለምን ትዋሻለች?

መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ነው። በአውራ ጎዳናው ላይ፣
ካሚዮኑ ወዲያ ሄዶ፣ አምቡላንሱ ወዲህ ሲታይ፣
«የእህቴ ልጅ ነጂ ነው» አለች፣ «የቱን እንደሆን ተዪኝ።»
ምላጩን ወደ ብርሃን፣ አንስታ «እዪ» አሳየችኝ፤
ከብረቱ ላይ የራሴ ፊት፣ ቀጥኖ ተመለከተኝ።

ማታ ከሆቴል ክፍሌ፣ ሠንጠረዤን ዘርግቼ፣
የመጪውን አሥር ዓመት፣ በዛሬ ዋጋ አስልቼ፣
«ሰላም ቢመጣስ?» ብዬ፣ አንድ ረድፍ ጨመርኩበት፤
በሠላሳ ከመቶ ወረደ፣ አክሲዮኑ በዚያች ቅጽበት።
ጣቴ ከቁልፉ ላይ፣ እንደ ሌባ ደነገጠ፤
ሰላምን ከ«አደጋ» ሥር፣ ማን ነው ያስቀመጠ?

እኔው ነኝ።

አባቴ ደወለልኝ፣ ሳንባው በስልኩ እያፏጨ፣
(ጡረታው ለመድኃኒቱ ነው፣ ከወሩ እኩሌታ ያለቀ)
«ደህና ነው ወይ ብረቱ?» ሲል፣ ቃል አጥቼ ቆየሁና፣
«ውድ ነው አባ» አልኩት። «ውድማ ነው» አለ፣ ሳለና።

ቅጹ በመጨረሻ ገጹ፣ «ምን ተረፈ?» ይለኛል።
ቁጥር ነው የሚፈልገው፤ እኔን ሰው ይታየኛል፦
ያ ነጂ ተርፎ ይሆን? ከማዶስ፣ ጭነቱ ያረፈባቸው?
ትርፍ ከመትረፍ ከተወለደ፣ በየትኛው ዓምድ ላስገባቸው?

እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ «ዋጋው በሩብ ሲረክስ፣
ግዙ፤ ከዚያ በፊት ግን፣ እጃችሁ ካዝና አይድረስ።
ከመጋዘን የተኛውን፣ ከትርፉ ላይ ቀንሱት፤
ስንጥቁ ከመቶ አራት ነው፣ ሁለት ያላችሁን አትመኑት።»
ማን እንደነገረኝ አልጻፍኩም።

ከዚያ «አደጋ» የሚለውን፣ የረድፉን ስም ፋቅኩና፣
«ተስፋ» ብዬ ተካሁት፣ ትንሽ አሰብ አደረግኩና።
ቁጥሩን ግን አልነካሁትም።
ሠላሳው እንዳለ ቀረ።