ባለ እግር ቤት

አባቴ ቤት ሠሪ ነው፣ በቺሎዌ ደሴት፣
በካስትሮ ከተማ፣ በማዕበሉ መውጫ ፊት፣
ጭቃው ውስጥ ምሰሶ እየተከለ በድግሩ
ወለል ያነጥፋል፣ ከባሕር በላይ፣ ካየሩ።
ቤቱ መሬት የለው፣ እግር ብቻ ነው ያለው፤
ባሕሩ ሲሞላ ጀልባ ደጁ የሚያስረው፣
ሲጎድል ዳክዬ ሥሩን የሚጭረው።

እኔ ግን ድረ ገጽ ሠሪ ነኝ ብዬ ብነግረው ሥራዬን
«ቀለም ቀቢ ነሽ» አለኝ፣ አየና ጣቶቼን።

ብዙም አልተሳሳተ።
ያኔ የሥርዓተ ክወና ሰው ነበር የቤቱ ጌታ፤
እሱ ነው ብረቱን የሚያናግር ጠዋትና ማታ።
እኛ ስንፈልግ አንድ ፋይል፣ ካሜራ ወይ ድምፅ፣
ደጅ እንጠና ነበር በብሮውዘሯ ጠባብ ገጽ።

ኋላ፣ በአንድ መጋቢት፣ ርካሽ ላፕቶፖች መጡ፣
ለትምህርት ቤትና ለጤና ኬላ የተሰጡ።
ክዳኑን ስከፍተው
ዴስክቶፕ የለ፣ የሚጫን ፕሮግራም የለ፤
ብሮውዘሩ ብቻውን ዙፋኑ ላይ ዋለ።
ስምንት ሰከንድ። ከዚያ ገጽ።
ገጹም የእኔ ገጽ።
ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው የተሠራበት
ያው ቋንቋ ነበር፣ ትናንት አዝራር የቀባሁበት።

ያን ማታ ኮራሁ። አባቴን ጠርቼ
«ቤት ሠራሁ» አልኩት፣ ክዳኑን ከፍቼ።
እሱም ከላይ ከታች አገላብጦ አየና
«እግሩስ የታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝምና
ዝም አልን።

ኬሁይ ደሴት ላይ ኤርሲራ የምትባል ነርስ አለች፣
ክትባት ይዛ በጀልባ ስትዞር በዝናብ የታሸች።
የልጆቹን ስም፣ ክብደት፣ የመርፌውን ቀን
በገጼ መዝግባ ነበር፣ አምና እኔን።
ሐምሌ ላይ የሰሜን ነፋስ ገመዱን በጠሰው።
ማሽኑ በርቷል፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤
ቤቱ ግን የለም። ነጭ ሰሌዳና የምትዞር ቀለበት፤
አሥራ አንድ ሕፃን ከነእናቱ ወረፋ ይዞበት።
በአራተኛው ቀን ስልኳ ደረሰኝ፤
«እርሳስ አለኝ» አለች፣ «ደብተርም አለኝ።
አንቺ ምን አለሽ?»

ጓዳ መሥራት የተማርኩት ከዚያ ወዲያ ነው፤
መንገድ ሲዘጋ የሚደርስ፣ አስቀድሞ የተሰነቀ፣
ገጹን ከነአጥንቱ በማሽኑ ሆድ የደበቀ፣
የጻፈችውን ይዞ የሚቆይ፣ ገመዱ እስኪቀጠል፣
ሁለት መዝገብ ሲጣሉም የሚያስታርቅ እንደ ሽማግሌ ቃል።
ስድስት ወር ፈጀብኝ። አንድም ሰው አላየውም፤
ጓዳ እንግዳ አይገባበትም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ገና መዳረሻ፣
ደብዳቤ መጣ፦ «ይህ ሥርዓት አበቃ፤ የለውም ማደሻ።»
መሬቱ የሰው ነበር። የእኔ ቤቱ ብቻ።

እኛ ጋ ሰው ሰፈር ሲለቅ ቤቱን አይተወውም፤
ጎረቤት ይጠራል፤ ሚንጋ ነው፣ ደቦ፤ ክፍያም የለውም።
ሃያ በሬ ጠምደው፣ ግንድ ከሥሩ አግብተው፣
ከነመስኮቱ፣ ከነመጋረጃው ቁልቁል ይጎትቱታል አሰልፈው።
ባሕሩ ሲሞላ ይንሳፈፋል፤ ጀልባ ይስበዋል፤
ማዶ ሲደርስ ቤቱ ያው ቤት ነው፤ የወለቀ ምስማር ይመታል።
«እንጨቱ ደህና ከሆነ ይንሳፈፋል» አለ አባቴ፤
ደብዳቤውን አላነበበውም።

የእኔም እንጨት ተራ ነበር፤ ገጽ፣ ቅጥ፣ ጥቂት ስክሪፕት፤
የኩባንያው ምስማር ሰባት ቦታ ገብቶ ነበር፤ ነቀልኩት።
ፊደንሲዮ መጣ፣ ኦዴት፣ ዝምተኛው ኮያም፤
ድንች ቀቀልኩላቸው፤ ሁለት ሌሊት ማንም አልተኛም።
በስልክ ላይ ቆመ፤ ባሮጌ ታብሌት ላይ ቆመ፤
በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አነከሰ፣ ኋላ አገገመ።

ሰኞ ጠዋት ኤርሲራ ደወለች። ትንፋሼን ያዝኩ።
ቤቷ ባሕር ተሻግሮ ማደሩን አላወቀችም።
«ያ አዝራር» አለች፣ «አረንጓዴ አልነበረም እንዴ?
ሰማያዊ የቀባው ማን ነው?»