ዜሮ ዓመት

ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ከግቢው በር በስተግራ፤
ሙጫው ገና አልደረቀም፣
አንገታችንን አስግገን እናነባለን በየተራ።
ከታች በቸርችል ቁልቁለት ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል፤
ከፊቴ ያለች ልጅ በስልኳ አንስታው
በሁለት ጣቷ ታጎላዋለች፤ ፊደሉ ይብስ ይደበዝዛል።

«የሥራ መደቡ፦ ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት። ብዛት፦ አንድ።
የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የብቃት ምዘና ያለፈ፤
የታደሰ የሙያ ፈቃድ፤ ኦርጅናልና ኮፒ።
የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት።»

ዜሮ ዓመት።
አራት ዓመት ተምሬ፣ ከዚያም ወራት በምድር ቤት፣
የእርሳስ ሽርጥ ትከሻዬን እስኪያጎብጠው የቆምኩበት፣
ዜሮ ይባል፤ ግድ የለም፤ ዜሮም ከቁጥር ይገባል፤
ሰው ከማይፈልጉበት በር ዜሮ የሚሉበት ይሻላል።

ጋሽ ወንድይራድ ግን ሌላ መስፈርት ነበራቸው፣
ያልታተመ፣ ማህተም የሌለው፤ የሚያውቁት እሳቸው።
ፊልም በእጅ ይታጠብ ከነበረበት ዘመን
ቡናማ ጥፍር ተርፏቸዋል።
«ማሽኑን በሦስት ወር ትለምደዋለህ» አሉኝ፣
«ሰውን ግን አትጨርሰውም፤ ትጀምረዋለህ።
ወጣት ሴት ስትመጣ ‹ነፍሰ ጡር ነሽ?› ማለት ግዴታ ነው፤
አማቷ አጠገቧ ከቆመች፣ አማቷን አስቀድመህ ለውሃ ላክ።
‹ትንፋሽ ይያዙ› ትላለህ። ማን ያልያዘ አለ?
ከሰላሌ በሌሊት ተነስቶ፣ ወረፋ ጠብቆ የዋለ፣
የልጁን ደረት አምጥቶ ከሳህኑ ፊት ያስደገፈ፣
እሱ እኮ ከያዘው ቆየ!
አንተ፣ ጠቅ ካደረግህ በኋላ፣
‹አሁን ይተንፍሱ› ማለትን እንዳትረሳ።
እኔ አንዴ ረስቻለሁ።»
መቼና በማን ላይ፣ አልነገሩኝም።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ መጡ፣ ከአፍንጮ በር፣ ሁለት ወር ሳል የጠናባቸው፤
አንገታቸው ላይ ማተብ፣ ከማተቡ ላይ የብር መስቀላቸው።
ደንቡ «ብረት ይውለቅ» ይላል። ኮሪደሩ ሞልቷል።
ደንቡን ነገርኳቸው።
«እንኳን ለፎቶ፣ ለሞትም አልፈታው» ብለው ዞሩ ሊወጡ።
ጋሽ ወንድይራድ ከወንበራቸው ተነሡ፦
«ክሩ አይፈታ፣ እማማ። መስቀሏን ብቻ በጥርስዎ ይያዙልኝ።»
ያዙ።
አገጫቸው ከሳህኑ ጫፍ፣ ትንፋሻቸው ከመስቀላቸው ጋር፣
ጠቅ።
«አሁን ይተንፍሱ፣ እማማ።» ያልኩት እኔ ነኝ። አልረሳሁም።

ምስሉ መጣ።
በቀኝ በኩል፣ ከላይኛው ጎድን ሥር፣ ባዘቶ የመሰለ ነጭ።
«ምን አየህ፣ ልጄ?»
ማየትን ተምሬያለሁ፤ መናገሩ የሌላ ሰው ድርሻ ነው።
«ሐኪሙ ይነግርዎታል» አልኩ፤
እሳቸው ግን አፌን አልሰሙም፣ ፊቴን አነበቡ።
ለደረት የእርሳስ ሽርጥ አለ፣ ለአንገትም አንገትጌ፤
ለፊት ምን ይለበሳል?

ኪሴ ላይ የተሰካችው ዶዚሜትር የጨረሩን ልክ ትይዛለች፤
በየሦስት ወሩ ተልካ፣ ቁጥሯ በወረቀት ይመለሳል።
የወይዘሮ የሻሽወርቅን ዓይን በየትኛው ዓምድ ታስገባለች?

አሁን ከመንገዱ ማዶ፣ ኮፒ ቤት ተሰልፌያለሁ፤
መብራት ሄዶ ነበር፣ መጣ፤ ማሽኑ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ።
ከክዳኑ ሥር፣ በዲግሪዬ ላይ፣ ነጭ ብርሃን ሲያልፍ
ሳላውቀው ትንፋሼን ያዝኩ።
«አለቀ» አለች ልጅቷ። ተነፈስኩ።

የቅጹ መጨረሻ ላይ «ልዩ ችሎታ ካለ ይገለጽ» ይላል፣
የአውራ ጣት ያህል ባዶ መስመር።
እስክሪብቶዬን አንስቼ ቆየሁ።
ከኋላዬ ያለው «ወንድሜ፣ ቶሎ በላ» አለኝ።

«ኮምፒውተር» ብዬ ጻፍኩ።