አሥራ አንድ ተኩል

አሥራ አንድ ተኩል ሲል ማኅተሙ ይቆለፋል፣
መንግሥት ጃኬት ለብሶ ወደ ቤቱ ያልፋል።
ቦርከና ግን አይገባም፤ ወንዝ ደጁን አይዘጋም፣
ፈረቃ የለው፣ ፈቃድ የለው፣ ሲመሽበት አይረጋም።

ከብቅል ፋብሪካው ጀርባ አንድ አጭር ቱቦ አለ፤
ቀን ስንጎበኘው ደረቅ፣ ጾመኛ የመሰለ።
ስምንት ሰዓት ሌሊት ግን አፉን ከፍቶ ያገሳል፣
የኮመጠጠ አረፋው እስከ ድልድዩ ይደርሳል።

ሦስት ደብዳቤ ጻፍን፣ ቁጥር ያለው፣ ቀን፤
«ማጣሪያው ጅቡቲ ደርሷል» ብለው መለሱልን።
ከደረሰ ዓመት አለፈው፤ ጅቡቲ ስንት ቀን ነው?
በእግሩ ቢመጣ እንኳ ይገባ ነበር፣ እኮ ምነው?

አለቃዬ «ቀስ በል» ይላል፣ «አራት መቶ ሰው ይበላበታል»፤
እውነቱን ነው፤ የገዛ ወንድሜ እዚያ ብቅል ይገለብጣል።

ከድልድዩ ታች ዘሀራ ሽንኩርት ታጠጣለች፤
«ሌባው ሌሊት እየሠራ፣ ጠባቂው ቀን ነው?» አለች።
ሳቅሁና አለፍኩ። ሌት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤
«ጠባቂው» ያለችው ቃል ጎኔን ቆረቆረኝ።

በማግስቱ ማታ ባትሪ፣ ጓንቲ፣ ሁለት ጠርሙስ፤
ያለ አበል፣ ያለ መኪና፣ ቁጭ አልኩ ቱቦው እስኪተነፍስ።
ስምንት ሰዓት ሆነ። ቀዳሁ። ክዳኑን አጠበቅሁ።
የጠርሙሱ ልብ ይመታል፣ ወይ የእኔ፣ አላወቅሁ።

ቤተ ሙከራው ደሴ ነው። ጠርሙሱ ጉልበቴ ላይ፣
በበረዶ ተጠቅልሎ፣ ሐረጎ ላይ ስትወጣ ፀሐይ፣
አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ አሽትተው፣ አየት አድርገው፣
«ልጄ፣ ጠላው ኮምጥጧል፤ ለማን ነው የምትወስደው?»

«ለመንግሥት» አልኳቸው። «እሱ ይጠጣዋል?» አሉ።
ሚኒባሱ ሳቀ፤ ረዳቱ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉ።
እኔም ሳቅሁ። ግን እውነት፣ አንድ ብርጭቆ ቢቀዳ፣
ከታሸገው ውሃ ጎን፣ ስብሰባው ላይ፣ ለእንግዳ?

ውጤቱ በአሥራ አምስት ቀን ይደርሳል ተባልኩ፤
ደረሰኙን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩ።
ከደሴ ለዘሀራ ደወልኩላት፣ ከመናኸሪያው ጫጫታ፦
«ትናንት ሌሊት ሠራን» አልኳት፣ እንደ ሰው በኩራት፣ በደስታ።

ዝም አለች።
ውሃው ይሰማኛል በስልኩ።

«ነገስ?» አለች።